አበባው ሳይፈነዳ

ሥራ አቁሜያለሁ ብዬ ለሰፈሩ ሁሉ ብናገርም፣ ቅጠል የያዘ ሰው በሬን ማንኳኳቱን አልተወም። ባለፈው ሳምንት አንዲት ጎረቤቴ በፌስታል የቋጠረችውን ቅርንጫፍ ይዛ መጣችና፣ «ሲት ብርቄ፣ ይሄ ምንድን ነው?» አለችኝ። ሲት በዐረብኛ እመቤት ማለት ነው።

«ከየት ቆረጥሽው?»

«ከግቢዬ ነዋ።»

«እንግዲያው ይሄን ተይውና ወደ ግቢሽ ውሰጂኝ።»

ጉልበቴን እያሻሸሁ ተከተልኳት። ፌስታል ውስጥ ታፍኖ የመጣ ቅጠል ብዙ ነገር ይደብቃል። ተክል የሚታወቀው በቆመበት ነው። ጥላ ይወዳል ወይስ ፀሐይ? አጠገቡ ምን በቅሏል? ውኃ የሚያጠጣው ማን ነው? ንብ ይመጣበታል? ዶሮ ከሥሩ ይጭራል? የጎረቤቴ ተክል ከአጥር ሥር ራሱን ችሎ የበቀለ ሒና ሆኖ ተገኘ። ስነግራት በሳቅ ፈነዳች። ዕድሜዋን ሙሉ እጇን ስትቀባው የኖረችውን ነገር፣ ደርቆና ተፈጭቶ ካልሆነ በቀር አይታው አታውቅም ነበር።

እኔ የኖርኩት በዚህ ነው። ምሥራቅ ሱዳን፣ ገዳሪፍ ከተማ ውስጥ፣ ከዚያም በኒው ሀልፋና በሀዋታ፣ የሰው ግቢ እየገባሁ «ይሄ ምንድን ነው?» ለሚሉ ሰዎች መልስ ስሰጥ። ችግኝ አፍልቻለሁ፣ ፍግ ተሸክሜያለሁ፣ የጽጌረዳ እሾህ ጣቴን በልቶታል። ደመወዙ የቤት ኪራይ ከፍሎ ልጅ አሳድጎልኛል፤ ከዚያ ያለፈ ስለ እሱ የምለው የለኝም። ያልታወቀ አበባ ግቢው ውስጥ ሲበቅል ግን ሰው ቀድሞ የሚጠራው እኔን ነበር። ሥራዬን አውቀዋለሁ ብዬ ብናገር ጉራ አይሆንብኝም።

የተወለድኩት መተማ አካባቢ ነው። በገላባት በኩል የተሻገርኩት ገና አዲስ ሙሽራ ሳለሁ፣ ከባለቤቴ ጋር ሰሊጥ በጫነ መኪና ላይ ተቀምጬ ነው። እሱ ትራክተር ጥገና ገባ። እኔ ከገበያው ጀርባ ባለ መሽተል ተቀጠርኩ፤ የችግኝ ጣቢያን እዚህ አገር መሽተል ይሉታል። ሥራዬ ችግኝ የሚተከልበትን ከረጢት አፈር መሙላት ነበር።

የመሽተሉ ባለቤት ሐጂ ኑሩ ይባሉ ነበር። የጎንደር ሙስሊም ናቸው፤ ልጅ ሆነው ከአባታቸው ጋር ለንግድ መጥተው እዚሁ ቀሩ። የሱዳን ዐረብኛቸው ከማንም አያንስም፤ አማርኛቸው ግን ከጎንደር እንደወጣ ነው፣ አልተነካካም። አንድ ቀን አፈር ስሞላ መጥተው አጠገቤ ቆሙና፣

«አንቺ ልጅ፣ ሰው ቤት መግባት ታፍሪያለሽ?» አሉኝ።

«ለምን ሥራ?»

«አበባ ለማየት። እኔ ስሄድ ደጅ ላይ ቆሜ ወንድ መምጣቱን በ‹ያ ሳቲር› እያስታወቅኩ፣ ሴቶቹ እስኪሸፋፈኑ ፀሐይ ይበላኛል። ገብቼም የውስጠኛውን ግቢ በወጉ አላይም። አንቺ ብትገቢ ግን የሚደነግጥ የለም።»

እንዲህ ሆኖ ከአፈር ወደ አበባ ተሸጋገርኩ። መጀመሪያ ግን መሽተሉ ውስጥ ብዙ ወራት አስተማሩኝ።

ሐጂ ኑሩ ተክል ፊት ሲደርሱ መጀመሪያ እጃቸውን ወደ ኋላ ያጣምራሉ። ሳይነኩት ይዞሩታል። ቀጥሎ ቁጢጥ ብለው ከሥሩ ወደ ላይ ያዩታል፤ ሌላው ሰው የሚያየው ከላይ ወደ ታች ነው፤ ስለዚህ ግንዱ ከአፈር ሲወጣ ምን እንደሚመስል ማንም ልብ አይለውም። ከዚያ ግንዱን በሁለት ጣት መካከል ያሽከረክሩታል። ቅጠሎቹ ፊት ለፊት ነው የሚወጡት ወይስ እየተፈራረቁ? ቅጠል በጥሰው የሚወጣውን ፈሳሽ ቀለም ያያሉ፤ ነጭ ነው፣ ቢጫ ነው ወይስ እንደ ውኃ? ለማሽተት ሲፈልጉ ደግሞ ቀድመው እጃቸውን በደረቅ አፈር ያሹታል፤ የቅድሙ ቅጠል ሽታ ከአሁኑ ጋር እንዳይደባለቅባቸው ነው። ወደ አፋቸው ምንም አያስጠጉም። አንዴ ግንጥል ቅጠል ምላሴ ላይ ሳደርግ አይተውኝ መዳፌን በጥፊ መቱኝ። ሌላ ጊዜ መትተውኝ አያውቁም።

ከሁሉም በላይ የማይሽሩት ሕግ ነበራቸው።

«አበባውን ሳላይ ስም አልሰጥም» ይላሉ። «ቅጠል ከቅጠል ይመሳሰላል፣ ብርቄ። ወገኑ ማን እንደሆነ የሚናገረው አበባው ነው።»

አንድ ሰሊጥ ነጋዴ፣ ነጭ ጀሃነሚያ ነው ተብሎ ብዙ ገንዘብ ያወጣበትን ችግኝ ከካርቱም አስመጣ። ጀሃነሚያ ያ አጥር ላይ የሚንዠረገገው ቡጋንቪላ ነው። ሐጂ ኑሩን ጠርቶ ለእንግዶቹ «ነጭ ነው» ብለው እንዲመሰክሩለት ፈለገ። ሐጂ ዞሩት፣ ቁጢጥ አሉ፣ ተነሡ፣ ልብሳቸውን አራገፉ። «ሲያብብ ጥራኝ» ብለውት ሄዱ። ነጋዴው ተቀየማቸው። ሲያብብ ከተማው ውስጥ አጥር ሁሉ ላይ ያለው ያው ወይን ጠጁ ሆነ። ሐጂ ግን አልሳቁበትም፤ ከመሽተሉ ሁለት ነጭ ችግኝ በነጻ ላኩለት።

ኒው ሀልፋ የሄድኩት ባለቤቴ በስኳር እርሻው ሥራ ሲያገኝ ነው። እኔንም የሠራተኞቹን መኖሪያ ቤቶች አትክልት እንድይዝ ቀጠሩኝ። አለቃዬ ሙፈቲሹ ነበር፤ የእርሻ ተቆጣጣሪዎችን እንዲህ ነው የሚጠሯቸው። ረጅም፣ ዝምተኛ፣ ሸሚዙን እስከ አንገቱ የሚቆልፍ ሰው። አበባ በሰልፍ ካልቆመ ደስ አይለውም፤ እኔ ደግሞ አበባ በሰልፍ ሲቆም እስር ቤት ይመስለኛል። በዚህ ስንጨቃጨቅ ኖርን። ነገር ግን የተማረ ሰው ነበር፣ የተማረውንም አይደብቅም። ሐጂ ኑሩ በእጅና በዓይን ያስተማሩኝን እሱ በወገን በወገን አድርጎ አስቀመጠልኝ።

አንድ ቀን የናና ቁጥቋጦ ሳርም መጥቶ አንድ ግንድ ቆረጠና፣ «በጣቶችሽ አሽከርክሪው» አለኝ።

«አራት ማዕዘን ነው።»

«ቅጠሎቹስ?»

«ፊት ለፊት። ከላያቸው ያሉት ደግሞ መስቀል ሠርተው።»

«በሶብላንም ሄደሽ እዪው። ጦስኝንም። አንድ ቤተሰብ ናቸው። ስሙን የማታውቂው ተክል ቢገጥምሽና ግንዱ እንዲህ ቢሆን፣ ሽታም ካለው፣ ከየትኛው ቤት እንደመጣ መገመት ትችያለሽ። ግምት ነው እንጂ ማረጋገጫ አይደለም። እሾሃማው የወፍ ቆሎም ግንዱ አራት ማዕዘን ነው፤ እሱ ግን ከብት ያሳምማል።»

ያን ቀን በሶብላውንም ጦስኙንም እየዞርኩ ሳሽከረክር ዋልኩ። የዓለም ተክል ሁሉ ዘመድ አዝማድ እንዳለው ያወቅኩት ያኔ ነው። ዛሬም ግንድ ሳሽከረክር ያ አለቃዬ ትዝ ይለኛል።

ከዚያ ሀዋታ። ባለቤቴ በሽታ ጥሎት ከሞተ በኋላ፣ ለሴቶች የጓሮ አትክልት የሚያስተምር አንድ ድርጅት ቀጠረኝ። ራሃድ ወንዝ አጠገብ ባሉ ቤቶች እየዞርኩ ባሚያና ቲማቲም አስተክላለሁ። እዚያ የደረሰብኝን ነገር ሳላወራ ይህን የሥራ ዘመን ባወራ ውሸት ይሆናል።

ዓም በሺር የሚባሉ አዛውንት ነበሩ፤ ሚስታቸው ሞታ ከልጃቸው ከሰልማ ጋር ይኖራሉ። ሰልማ ልትዳር ተቃርባ ነበር። ዝናብ እንደ ጀመረ አጥራቸው ላይ አንድ ሐረግ ወጣ። ዓም በሺር እጄን ይዘው ወሰዱኝ።

«ይህን እዪልኝማ። ወንዙ ነው ያመጣው መሰለኝ። ቅጠሉ ጣት አለው።»

እውነትም ቅጠሉ ጫፉ ላይ እየቀጠነ ሄዶ እንደ ክር ይጠመዘዛል፤ በዚያ ክር የአጥሩን እንጨት ይዞ ይወጣል። እንዲህ ያለ አይቼ አላውቅም። ዞርኩት። ቁጢጥ ብዬ ከሥሩ አየሁት። ግንዱ ድቡልቡል ነው፤ ወተት የለውም፤ ሽታም የለውም።

«ስሙ ማነው?» አሉኝ።

«አበባውን ሳላይ ስም አልሰጥም። ሲያብብ ጥሩኝ።»

«ማ ሻእ አላህ፣ እንጠብቃለን» አሉ በደስታ። ሰልማ ከኋላቸው ቆማ ትስቅ ነበር። መምህሬ እንዳስተማሩኝ በማድረጌ ኮርቼ ወደ ቤቴ ሄድኩ።

አበባው ከመድረሱ በፊት ዓም በሺር ለባሚያ መደብ ሲቆፍሩ የሐረጉን ሥር አወጡት። ጣት የሚያህል፣ ነጣ ያለ፣ ሁለት ቅርንጫፍ ያለው ሥር ነው። ባምቤ መሰላቸው፤ ስኳር ድንች ማለት ነው። ሰልማ ቀቀለችው። አባትየው ራት በሉበት፤ እሷ ጥቂት ቀመሰች። ሲነጋ ሁለቱም እያስመለሳቸው ሆስፒታል ተወሰዱ። ዓም በሺር አልተመለሱም። ሰልማ ዳነች፤ ነገር ግን ከለቅሶው በኋላ ፀጉሯ እፍኝ እፍኝ እየሆነ ረገፈ፤ አንድም ሳይቀር።

ለቅሶ ልደርስ ስሄድ ራሷን በነጠላ ሸፍና አጥሩ አጠገብ ተቀምጣ ነበር። ሳይነቀል የቀረው አንድ ሐረግ አብቧል። አበባው ቀይና ቢጫ ነው፤ የአበባ ቅጠሎቹ ወደ ኋላ ተቀልብሰው እሳት ወደ ላይ ሲንቦገቦግ ይመስላል። እንደዚያ ያለ ቆንጆ አበባ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አላየሁም። ሰልማ ቀና ብላ አየችኝና፣

«ጠብቁ አልሽን፤ አትንኩ ግን አላልሽንም» አለችኝ።

ፀጉሯ ኋላ በቅሎላት፣ ተድራ፣ ልጆች ወልዳለች፤ እኔ ግን ያቺን ቃሏን ስሰማት እኖራለሁ።

ሥራውን ልተው ወስኜ ገዳሪፍ ተመለስኩ። ሐጂ ኑሩ አርጅተው ዚሩ አጠገብ፣ የውኃው ጋን ቅዝቃዜ በሚደርስበት አንግሬብ፣ በገመድ አልጋ ላይ ይውሉ ነበር። የሆነውን ሁሉ ነገርኳቸው፤ ቅጠሉን፣ ሥሩን፣ አበባውን።

«አውቀዋለሁ» አሉ። «ሥሩ ይገድላል። አንቺ ስሙን አለመናገርሽ ልክ ነው፤ አታውቂውማ። ግን፣ ልጄ፣ ‹አትብሉት› ለማለት ስም አያስፈልግም ነበር። ይህን እኔም አላስተማርኩሽም። ሥራ ግን አትተዪም። ይህን የምታውቂ አንቺ ከተውሽ ማን ያስጠነቅቃል?»

ከዚያ ቀን ጀምሮ አሠራሬን ለወጥኩ። የማላውቀው ተክል ሲገጥመኝ ከስሙ በፊት ማስጠንቀቂያውን አስቀድማለሁ፤ አትብሉት፣ ልጅና ከብት አይድረስበት። ስሙ ሲደርስ ይደርሳል። እንዲህ እያልኩ ብዙ ዘመን ሠራሁ፤ በእኔ እጅ ዳግመኛ ሰው አልተጎዳም። ሐጂ ኑሩ ከሞቱ በኋላም ከልጃቸው ጋር መሽተሉን ይዘን ቆየን።

ካርቱም ላይ ጦርነቱ ሲነሣ ገዳሪፍ በተፈናቃይ ተጨናነቀች። ትምህርት ቤቱ፣ መስጊዱ፣ ያላለቀው ሕንፃ ሁሉ ሰው ገባበት። የሐጂ ኑሩ ልጅም መሽተሉን ለመጠለያ ለቀቀ። ችግኙን ለፈለገ ሁሉ አደልነውና፣ «እትዬ ብርቄ፣ አሁንስ ይረፉ» አለኝ። ጉልበቴም ከእሱ ጋር ተስማማ።

አረፍኩ ባልኩበት በዚያው ክረምት ነው ሐጃ ሱዓድ የላከችብኝ። እኩያዬ ናት፤ የድሮ ደንበኛዬ፤ የግቢዋን ፉል፣ ያንን ሽታው ደጅ ድረስ የሚመጣ ነጭ አበባ፣ እኔ ነኝ የተከልኩላት። የመጣው ሰው፣ «ፍየሎች ሞተዋል፤ ቶሎ ነይ» ብቻ ነው ያለኝ።

ስገባ ሁለት ፍየሎች በጆንያ ተሸፍነው ተጋድመዋል። ሦስተኛዋ ከራኩባው፣ ከጭራሮው ዳስ ሥር፣ ተኝታ በአፏ አረፋ ትደፍቃለች። ሐጃ ሱዓድ ራሷን ይዛ ቆማለች። ከካርቱም የተሰደዱት የልጅ ልጆቿ በየበሩ ተደርድረው ያያሉ። ወንድሟ ዑስማን በትር ይዞ ይንጎራደዳል። ጥግ ላይ ካለችው ክፍል በር ላይ አንዲት ሴት መሬት ተቀምጣለች። ለታይ ትባላለች፤ ትግራይ ተወልዳ፣ ከስደተኛ ካምፕ ወጥታ፣ የቤቱን ልብስ እያጠበች በዚያች ክፍል የምትኖር ናት።

«ነይ እዪ» አለኝ ዑስማን። «መርዝ ተክላብናለች።»

ከልብስ ማጠቢያው ጀርባ፣ የእጥበቱ ውኃ በሚወርድበት በኩል፣ ለታይ ትንሽ መደብ ሠርታለች። ቃሪያ፣ ቲማቲም፣ ሰላጣ። ከመካከላቸው ሰው ደረት የደረሱ፣ እኔ የማላውቃቸው ጥቂት ተክሎች ቆመዋል። አላበቡም። ቅጠላቸው ጥርስ አለው፤ ገና ሲጠጉት ይሸታል፣ ደስ የማይል ሽታ።

ወደ ለታይ ዞር ብዬ በአማርኛ፣ «ልጄ፣ ይህን ከየት አመጣሽው?» አልኳት።

ፊቷ ተለዋወጠ። «ጎንደሬ ነዎት፣ አይደል?»

«ነኝ። እናቴም አባቴም።»

«እንግዲያው አለቀልኝ» አለች፤ ፊቷንም ወደ ግድግዳው አዞረች።

ያ ነገር ከዑስማን በትር ይልቅ አሳመመኝ። በአገራችን የሆነውን ሁለታችንም እናውቃለን። ምን ብላት ታምነኛለች? ወደ ተክሉ ተመለስኩ።

ዑስማን ከኋላዬ መጣ። «መርዝ ነው፣ አይደለም? አንድ ቃል ብቻ ንገሪኝ። ፖሊስ ጣቢያ ልወስዳት ነው።»

እዚያ ላይ ነው ነገሩ የከበደኝ። ከሀዋታ ወዲህ የማላውቀውን ሁሉ «አደገኛ ነው» ስል ኖሬያለሁ። ያን ጊዜ ግን ያ ቃል ከአፌ ቢወጣ ወረቀቷ ያልታደሰላት ስደተኛ ሴት እስር ቤት ትገባለች። «ምንም አይደለም» ብልም በየበሩ የቆሙት ልጆች አሉ፤ የሰልማ ራስ ትዝ ይለኛል። ሁለቱንም ማለት አልቻልኩም።

«አላውቀውም» አልኩት።

«ዕድሜሽን ሙሉ ቅጠል ስታገላብጪ ኖረሽ?»

«አዎ፤ ይህን ግን አላውቀውም። ልጆች አይንኩት። አጥሩልኝ። መርዝ ነው አላልኩም፤ አላውቀውም ነው ያልኩት። አሁን መንገድ ልቀቅልኝና ልሥራ።»

እጄን ወደ ኋላ አጣምሬ ዞርኩት። ቁጢጥ ስል ጉልበቴ ጮኸ። ግንዱን በሁለት ጣት አሽከረከርኩት፤ አራት ማዕዘን። ቅጠሎቹ ፊት ለፊት፣ መስቀል ሠርተው። እሾህ የለውም። እጄን በአፈር አሽቼ አሸተትኩት፤ የእነ ናና ዘመድ ነው ብዬ ገመትኩ። ግምት ነው። ቀጥሎ ያየሁት ግን ግምት አልነበረም፤ ከሥሩ እስከ ጫፉ አንድም ቅጠል አልተቀነጠሰም። ፍየል የበላው ተክል ደግሞ ጉቶው ይታያል።

«ፍየሎቹ ይህን አልበሉትም» አልኩ ድምፄን ከፍ አድርጌ። «ሐጃ፣ ፍየሎችሽ የት ነው የሚታሰሩት?»

«ድሮ በረታቸው ውስጥ ነበሩ። በረቱን ጠርገን ለዘመዶች ማደሪያ ስላደረግነው፣ ትናንት ከእህል ቤቱ ጀርባ አዛወርናቸው።»

ወደ እህል ቤቱ ጀርባ ሄድኩ። ሰው ሁሉ ተከተለኝ። በመከር ጊዜ የማሽላ ጆንያ የሚራገፈው እዚያ ነው። የፈሰሰው ፍሬ በመጀመሪያው ዝናብ በቅሎ፣ ዝናቡ ሲቋረጥ ደግሞ ጠውልጎ፣ ከግድግዳው ሥር ለጥ ብሎ ተኝቷል። ግማሹ ከላዩ ተነጭቷል። አዲስ ግጦሽ ነበር፤ ከጉቶው ላይ ውኃው ገና አልደረቀም።

የጠወለገ የማሽላ ቡቃያ ከብት እንደሚገድል መተማ ያለ ሕፃን ያውቃል፤ የገዳሪፍም ገበሬ ያውቃል። ግን ማሽላ የማሳ ነገር ነው። ግቢ ውስጥ ሲበቅል ማንም ዓይኑን አይጥልበትም። ሰው ሁሉ የሚያየው የማያውቀውን ተክል ነው።

«ይሄ ነው የገደላቸው» አልኩ። «በእኔ ቃል ብቻ ግን አትመኑ። የእንስሳት ሐኪሙን አስጠሩ።»

ሐኪሙ መጣ፤ ትሑት ሰው ነበር። አንዷን ፍየል ከፈተና ሐጃ ሱዓድን ጠርቶ አሳያት። ደሟ እንደ ቲማቲም የቀላ ነው፤ ጨጓራዋ በማሽላ ቅጠል ተሞልቷል። «ይህ ቡቃያ ሲጠወልግ ውስጡ መርዝ ይፈጥራል» አለ። «ደሙ እንዲህ የሚደምቀው በዚያ መርዝ ነው። ሌላ ቅጠል ጨጓራዋ ውስጥ የለም።» ሦስተኛዋን መርፌ ወጋትና እስኪመሽ አጠገቧ ተቀመጠ። ተነሥታ ቆመች።

ዑስማን በትሩን ግድግዳ ላይ አስደግፎ፣ እጅጌውን ሰብስቦ፣ ማሽላውን ከነሥሩ ይነቅል ጀመር። ማንንም ቀና ብሎ አላየም። ሐጃ ሱዓድ ወደ ለታይ ሄዳ እጇን ያዘቻት። «ይቅር በዪኝ፣ ልጄ» አለቻት። ለታይ እጇን አልነጠቀችም፤ ፊቷንም ወደ እሷ አላዞረችም። እኔ ስወጣ ግን ተነሥታ እስከ ደጅ ሸኘችኝ።

«አደይ፣ ያ ተክል ግን ምንድን ነው?» አለችኝ። አደይ በትግርኛ እናቴ ማለት ነው። «ካምፕ ጎረቤቴ የነበረችው ሴት የተደባለቀ ዘር ሰጥታኝ ነው። እኔም አላወቅኩትም።»

«ሲያብብ ጥሪኝ። እስከዚያ አንቺም አትንኪው።»

ዝናቡ ሊያበቃ ሲል ጠራችኝ። ግንዱ በየደረጃው ክብ ክብ ቋጠሮ አውጥቶ፣ ከየቋጠሮው ብርቱካንማ አበባ እንደ ጣት ተሰክቷል። አንድ ጊዜ ጎንደር ለንግሥ ስወጣ መንገድ ዳር አይቼው ነበር። «ራስ ክምር ነው!» አልኩ። እንደ ሕፃን ነው የጮኽኩት።

ለታይ ግን እኔን አልሰማችኝም። አንዷን አበባ መዝዛ ከሥሯ በኩል መጠጠቻት። ልከለክላት እጄን ስዘረጋ እየሳቀች፣ «አወቅኩት! አበባውን ሳይ አወቅኩት!» አለች። «ልጆች ሳለን ማሩን እየመጠጥን ነው ያደግነው። እናታችን ከብቶቹ ማሳ ገቡ ብላ ስትጮህ እኛ እዚህ ውስጥ ነን።» ለእኔም አንድ መዘዘችልኝ። ሐጂ ኑሩ ቢያዩኝ መዳፌን ይመቱኝ ነበር፤ መጠጥኩት። ጣፋጭ ነው።

ሐጃ ሱዓድ ከቤት ወጥታ ታየን ነበር። ቀረብ ብላ አበባውን አየችና፣ «ውብ ነው» አለች። ከዚያ ወደ ለታይ ዞራ፣ «ከዚያ ቀን ጀምሮ በወጉ አናግረሽኝ አታውቂም። ምን ላድርግልሽ? ንገሪኝ» አለቻት።

ለታይ የመጠጠቻትን አበባ በጣቶቿ ትንሽ አሽከረከረች።

«የደጁን ቁልፍ ስጪኝ» አለች በዐረብኛ።

በዚያ ቤት ልጁም እንግዳውም ቁልፍ አለው። ለታይ ብቻ ከገበያም ከሥራም ስትመለስ አንኳኩታ፣ የሚከፍትላት እስኪመጣ ደጅ ላይ ቆማ ነበር የምትገባ። ሐጃ ሱዓድ ከወገቧ ዘለላውን ፈታ አንዱን ቁልፍ አወጣችና በመዳፏ ላይ አስቀመጠችላት።

ለታይ አመሰገነች። ቀጥ ብላ ወደ ደጁ ሄዳ ወጣች፤ ከውጭ ቆለፈችው። ሁላችንም በሩን እናያለን። ቁልፉ ጓ ብሎ ዞረ፤ በሩ ተከፈተ፤ ለታይ ማንም ሳይከፍትላት ገባች።

«ሰላም ለቤቱ» አለች።